ቲነር ለሚተነፍስ ሰው ወተት ይጠቅማል ወይ? ህጉስ ምን ይላል? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን_ልጅ፣ ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ድሬዎች። ቤት ውስጥ ተጨቃጭቀን መፍትሄ ስላጣን ነው እዚህ የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ 22 አመቱ ነው፣ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የብረታ ብረት ቤት ውስጥ በርና መስኮት ቀለም ይረጫል፣ በኮምፕረሰር ማለቴ ነው። ከገባ 8 ወሩ። መጀመሪያ ማታ ማታ ራሴን አመመኝ ሲል የድሬ ሙቀት ነው ብለን ተውነው፣ አሁን ግን ምግብ አይበላም ጣቶቹ ይደነዝዛሉ አንዳንዴ እያወራ የጀመረውን ይረሳዋል። የሚገርመው እሁድ ሲያርፍ ደህና ይሆናል ሰኞ ማታ ግን ተመልሶ ያው ነው።

ጤና ጣቢያ ሄዶ ጨጓራ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጠው። አሰሪው ክፉ ሰው አይደለም ይሄንን ልናገር፣ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሊትር ወተት ይገዛላቸዋል፣ ወተቱ ኬሚካሉን ጠርጎ ያወጣዋል ይላቸዋል። እማዬም ይሄንኑ ታምናለች፣ ቤትም ስትችል ትጨምርለታለች። ቀለሙን የሚያቀጥኑበት ቲነር የሚመጣበት በርሜል ላይ ያለው ጽሁፍ ማናችንም የማናነበው ቋንቋ ነው፣ የሰው ደረት ስዕል አለበት ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ነገር፣ ዙሪያውን ቀይ። ይሄ ምን ማለት ነው? ወተቱስ እውነት ይሰራል? ደግሞስ ህግ የሚባል ነገር አለ ወይስ ዝም ብሎ ስራውን መተው ነው? ስራ እንደሆነ እንደምታውቁት ነው።

ነርሷ_ከዚራ

ወንድሜ ወተቱን በተመለከተ በግልጽ ልንገርህ፣ አይሰራም። ወተት የሚሄደው ጨጓራ ውስጥ ነው፣ የቲነር ጭስ የሚገባው ግን በሳንባ ነው፣ ከሳንባ በቀጥታ ደም ውስጥ ከደም ደግሞ አንጎል ውስጥ ነው የሚገባው። መንገዳቸው አይገናኝም። ወተት ምግብ ነው ይጠጣ፣ ለተራበ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ለቲነር መድኃኒት ብሎ የሚጠጣ ሰው ተጠብቄያለሁ ብሎ ስለሚያስብ የበለጠ ይጎዳል።

እሁድ ይሻለዋል ሰኞ ይመለስበታል ያልከው ትልቅ ምልክት ነው። እኛ ጋ ካርድ ሲወጣ እድሜ ይጻፋል ቀበሌ ይጻፋል፣ ስራህ ምንድነው ምን ትነካለህ ምን ትተነፍሳለህ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የለም፣ ወረፋው ረጅም ነው ሰው ይቸኩላል፣ እኔም ራሴ ሳልጠይቅ ያሳለፍኳቸው አሉ አሁን ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ተመልሶ ይሂድና እሱ ራሱ ይናገር፣ ቀለም እረጫለሁ ቲነር እተነፍሳለሁ እሁድ ይሻለኛል ይበል፣ ካርዱ ላይ እንዲጻፍለትም ይጠይቅ። የተጻፈ ነገር በኋላ ይጠቅመዋል።

እጁን በምንድነው የሚታጠበው? በቲነር ከሆነ ዛሬውኑ ያቁም። ቲነር የቆዳውን ቅባት ያወጣዋል፣ በተሰነጣጠቀው ቆዳ ደግሞ የበለጠ ይገባል። ሳሙናና ዘይት ይበቃል።

የሳቢያን_ልጅ

በቲነር ነው የሚታጠበው። ሁሉም። ማስክ ግን ያደርጋሉ፣ ያ ነጩን የኮሮና ጊዜውን።

ነርሷ_ከዚራ

እሱ ለአቧራ ነው፣ ለጭስ አይደለም። የቲነር ትነት አልፎት ይገባል። ከሰል ፊልተር ያለው ነው የሚያስፈልገው።

ላሜራ_ቤት

እኔ ባለቤት ነኝ፣ ትንሽ የላሜራና የቀለም ቤት ነው ያለኝ፣ 5 ሰራተኛ ልጆች አሉኝ። ስድብ ከመጣ ይምጣ ግን የኛም ወገን ይሰማ። ወተቱን እኔም እገዛለሁ ከልቤ ነው የምገዛው፣ እኔን ስራ ያስተማረኝ ጌታዬ ነው የነገረኝ እሱንም ያስተማረው ሰው ነግሮት። ውሸት ነው ብሎ የነገረኝ ሰው እስከዛሬ አንድም የለም፣ አሁን ነው ከነርሷ የሰማሁት። ከሰል ያለውን ማስክ አዲስ አበባ ተልኮ አስመጥቼ ነበር፣ ልጆቹ 35 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ግማሽ ሰአት አድርገውት ላብ በላብ ሆነው አውልቀው ይጥሉታል፣ ፊልተሩ ደግሞ የሚቀየር መሆኑን ማንም አልነገረኝም አመት ሙሉ በአንዱ ሰሩበት። ላስገድድ ብል ይሄዱብኛል ካላስገደድኩ ይታመሙብኛል። ምን ላድርግ እውነቴን ነው የምጠይቀው።

ጨርቃጨርቅ_ጡረታ

ልጆቼ ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚችው ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ 31 አመት ሰርቼ ነው የወጣሁት፣ መጀመሪያ ፈትል ክፍል በኋላ ማቅለሚያ ክፍል። ፈትል ክፍል እያለን ሰኞ ሰኞ ደረታችን ይታፈን ነበር፣ እሁድ አርፈን ሰኞ ስንገባ ይይዘናል ማክሰኞ ረቡዕ ይለቀናል፣ እኛ የሰኞ ስንፍና ነው እንል ነበር። ስም ያለው በሽታ መሆኑን፣ ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ ቢሲኖሲስ የሚባል መሆኑን የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጓደኞቼ ግማሾቹ ሳይሰሙ ሞተዋል።

ማቅለሚያ ክፍል ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ነበር፣ ነጭ ፍሌክ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ብቻውን ይፈላል፣ በባዶ እጃችን ጨምረን በዱላ እናማስል ነበር። አንዱ ልጅ ቸኩሎ ሶዳው ላይ ውሃ ደፋበት፣ ተፈናጥሮ አንድ አይኑን ወሰደው። ሶዳውን ወደ ውሃው ነው ቀስ እያሉ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አይደለም፣ ይህቺን አንዲት አረፍተ ነገር ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ልጁ አይኑ ይኖር ነበር።

እኔ በሰራተኛ ማህበር ውስጥ ነበርኩ። የህብረት ስምምነት ላይ ስንደራደር ሌሊቱን ቁጭ ብለን ተከራክረን ያስገባነው ምን መሰላችሁ፣ ወተትና ሳሙና። በወር ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ፍሬ ብለን። አሸነፍን ብለን ጭብጨባ ነበር። ማራገቢያ ይገጠም፣ እንፋሎቱን የሚስብ ቱቦ ይግባ፣ የምንነካው ነገር ስሙ ይነገረን ብለን አልጠየቅንም። መጠየቅ እንደሚቻልም አናውቅም። ወተት ለአስተዳደሩም ርካሽ ነበር እኛም ደስ አለን። ዛሬ ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ እያረፍኩ ነው። ስለዚህ ልጄ ወተቱን ተቀብላችሁ ዝም አትበሉ። በኛ ይብቃ።

የስራ_ጉዳይ

አባባ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይሄ ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚገባ ነው።

ህጉን ለጠየቅከው፣ አለ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሰሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። አሰሪው ሰራተኛውን ስለስራው አደጋ ማስተማርና ማሳወቅ አለበት፣ መከላከያ እቃና ልብስ አቅርቦ አጠቃቀሙንም ማሳየት አለበት፣ የስራ ላይ አደጋና በሽታ ሲኖር መዝግቦ ለቁጥጥር አካል ማሳወቅ አለበት፣ አደገኛ ስራ ላይ ያሉትን እንደአስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ ማድረግ አለበት። በራሱ ወጪ የሚለውን ልብ በሉ። የስራው ሂደት ራሱ የኬሚካል አደጋ ምንጭ እንዳይሆን ጥንቃቄ ማድረግም እዛው ላይ አለ፣ ኬሚካል የሚለው ቃል በስሙ ተጽፏል። ወተት የሚል ግን የለም።

አንቀጽ 96 ደግሞ ሰው ብዙ የማያውቀው ነው። ሰራተኛው በስራ ምክንያት ከተጎዳ አሰሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። በሽታም ይገባበታል፣ አንቀጽ 98 በኬሚካል ምክንያት በስራ የመጣ የጤና መታወክን ይጨምራል። ነርሷ ካርዱ ላይ ይጻፍ ያለችው ለዚህ ነው ወርቅ የሆነው፣ በኋላ ክርክር ሲመጣ ከስራው ነው የመጣው ብሎ ማሳየት ነው አስቸጋሪው።

አንቀጽ 32 ደግሞ አለ። ለጤናው የሚያሰጋ ከባድ አደጋ ተደቅኖ አሰሪው ተነግሮት በጊዜው ካላስተካከለ ሰራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ስራውን መልቀቅ ይችላል። ግን መንገሩን የሚያሳይ ነገር ይኑርህ፣ በጽሁፍ አድርገው።

የሳቢያን_ልጅ

ወንድሜ ግን የቀን ሰራተኛ ነው፣ ፊርማ ምናምን የለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእጁ ነው የሚቀበለው። ወረቀት የሌለውን ሰው ህጉ ያውቀዋል እንዴ?

የስራ_ጉዳይ

ያውቀዋል። የስራ ውል በጽሁፍ መሆን ግዴታ አይደለም። በጽሁፍ ካልሆነ አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ማስረጃ መስጠት ነበረበት፣ እሱ ስላልሰጠ ደግሞ ሰራተኛው መብቱን አያጣም። አብረውት የሚሰሩት ልጆች ምስክር ናቸው። ወረቀት የለህም ተብሎ የሚባረር ሰው ስንት አይቻለሁ፣ እባካችሁ ይሄን ለየሰፈራችሁ ንገሩ።

ጀጎል_ሀረር

ከሀረር ነኝ። ያጎቴ ልጅ ባትሪ ቻርጅ ቤት ነው የሚሰራ፣ ያረጀውን ባትሪ ከፍቶ ሊድ፣ እርሳስ የሚባለውን ብረት፣ አውጥቶ ያቀልጣል። ልብሱን ይዞ ቤት ይመጣል ሚስቱ ከህጻናቱ ልብስ ጋር አንድ ላይ ታጥባለች። ይሄም ያሰጋል?

ነርሷ_ከዚራ

በጣም። ሊድ በአይን በማይታይ ብናኝ ልብስ ላይ ጸጉር ላይ ጫማ ላይ ተሳፍሮ ቤት ይገባል፣ ህጻናት ደግሞ ከአዋቂ የበለጠ ነው የሚጎዱት፣ አንጎላቸው ገና እያደገ ስለሆነ። ለልጅ ይሄን ያህል አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም ነው የአለም ጤና ድርጅት የሚለው። ስራ ቦታ ይታጠብ፣ ልብሱን እዛው ይቀይር፣ የስራው ልብስ ለብቻ ይታጠብ። ከቻሉ የልጆቹ ደም ይመርመር። ማቅለጡን ደግሞ ግቢ ውስጥ ሰው ባለበት ፈጽሞ አይሆንም።

ላብራቶሪ_ሰው

ስለ በርሜሉ ምልክት ልመልስ። ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለው ምልክት ቆይቶ የሚመጣ ጉዳት ማለት ነው፣ የውስጥ አካልን ወይ ጽንስን የሚጎዳ፣ አንዳንዱም ካንሰር የሚያመጣ። ዛሬ ነክቶህ ዛሬ የሚያቃጥል ሌላ ምልክት አለው። እነዚህ ምልክቶች የተባበሩት መንግስታት ያወጣቸው 9 ናቸው፣ ጥቅማቸውም ቋንቋውን የማያነብ ሰው እንዲያውቃቸው ነው። ቲነር ውስጥ ብዙ ጊዜ ቶሉይንና ዛይሊን የሚባሉ ቶሎ የሚተኑ ፈሳሾች ናቸው ያሉት፣ ራስ ምታቱም መርሳቱም ከነሱ ጋር ይሄዳል።

አሁን የድሬን ጉዳይ ላምጣ ምክንያቱም ማንም አያነሳውም። ቶሉይን 20 ዲግሪ ላይ ያለው የትነት ግፊት፣ ወደ አየር የመነሳት ጉልበቱ ማለት ነው፣ 35 ዲግሪ ላይ ሲደርስ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማለትም አንድ አይነት ቲነር አንድ አይነት በርሜል፣ ደጋ ላይ የሚሰራውና መልካ ጀብዱ ላይ ቆርቆሮ ስር የሚሰራው ልጅ እኩል አይተነፍሱም። ሙቀቱ ነው ብላችሁ መተዋችሁ ስህተት ነው ያሰኘኝ ይሄ ነው፣ ሙቀቱ እኮ ነው ኬሚካሉን የሚያስነሳው።

ሁለተኛ፣ የቶሉይን ትነት ከአየር 3 እጥፍ ይከብዳል። ወደ ላይ አይወጣም ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ጣራ ላይ ቀዳዳ ከፍተን አየር አስገባን የሚሉ አሉ፣ አይበቃም፣ የሚያወጣው ፋን ዝቅ ብሎ ነው መሆን ያለበት። ብረት ቤት ከሆነ ደግሞ ብየዳ አለ ግራይንደር አለ፣ ወለሉ ላይ የተኛው ጭስ ብልጭታ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። ቀለሙና ብየዳው አንድ ጣራ ስር መሆን የለባቸውም።

ላሜራ ቤት ወንድሜ፣ ማስኩ የመጨረሻው ነው የመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ቀለሙን መቀየር ይቻላል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ በውሃ የሚቀጥን አለ ለሁሉም ስራ ባይሆንም። ካልተቻለ መርጨቱን ከሌላው ሰው ለይ፣ ፋን አድርግ፣ ቲነር ያለበትን ጣሳ ክዳን ግጠምለት ክፍት ማሳደር ይቅር። በጠዋት ሳይሞቅ ይረጭ። ከዛ በኋላ የተረፈውን ለማስክ ስጠው፣ ያኔ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሳይሆን አንድ ሰአት ብቻ ነው የሚያደርገው ይችለዋል። ማስኩን አድርጎ ጭስ ከሸተተው ፊልተሩ አልቋል፣ ማታ ደግሞ በላስቲክ አስረህ አስቀምጠው ክፍት ካደረ ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ያድራል። ሃርድነር፣ ቀለሙን የሚያጠነክረውን ማለቴ ነው፣ የምትጨምርበት ቀለም ካለህ ግን ልዩ ጥንቃቄ፣ አይሶሳይኔት የሚባል ነገር አብዛኛው ውስጥ አለ፣ እሱ ሽታ እንኳን ሳይሰጥ አስም ያመጣል፣ አንዴ የያዘው ሰው ከዛ በኋላ በጥቂቱም ይነሳበታል። ለሱ ተራው የከሰል ማስክ አያስተማምንም፣ ንጹህ አየር በቱቦ የሚመጣበት ነው።

ጽዳት_አይናለም

እኔ ጽሁፍ ብዙ አልችልም ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ጽዳት ነው ስራዬ ሽንት ቤት ነው ሙሉ ቀን። በረኪናና አሲድ ይሰጡናል በሃይላንድ ነው ተቀድቶ የሚመጣው ምንም አልተጻፈበትም። አንድ ቀን ቆሻሻው እምቢ ብሎኝ ሁለቱንም አንድ ላይ ደፋሁ፣ ቢጫ ነገር ተነሳ ጉሮሮዬን ያዘኝ ሳል በሳል ሆኜ ኮሪደር ላይ ወደቅሁ። ሁለት ቀን ተኛሁ ቀኑም ተቆረጠብኝ። ጥፋቱ ያንቺ ነው ማን ቀላቅይ አለሽ አሉኝ። ማንስ አትቀላቅይ አለኝ?

ላብራቶሪ_ሰው

እትዬ አይናለም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በአንደኛው የአለም ጦርነት ወታደር ለመግደል የተጠቀሙበት ጋዝ ነው። ሽንት ቤት በራፍ ዘግቶ መስራት ደግሞ ይብሳል። በረኪና ከአሲድ ጋርም ከአሞኒያ ጋርም ፈጽሞ አይቀላቀልም። በአንዱ ከሰራሽ በብዙ ውሃ አጥበሽ ነው ወደሌላው። በሃይላንድ መቀዳቱ ራሱ ትልቅ ጥፋት ነው፣ ሰው ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።

የስራ_ጉዳይ

የተቆረጠብሽ ሁለት ቀንም ተገቢ አይደለም፣ የስራ ላይ ጉዳት ነው። ልጅሽ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጃለን።

ደቻቱ77

ሁሉም ጥሩ ነው ግን ወረቀት ላይ ያለ ህግ ምን ይሰራል? ኢንስፔክተር ስራ ቦታችን ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ቢመጣስ ባለቤቱ ቀድሞ ሰምቶ ጓንት ያከፋፍላል ሲሄድ ይሰበስባል። ህግ ህግ አትበሉን አቦ።

የስራ_ጉዳይ

ብስጭትህ ይገባኛል። አዋጁ ኢንስፔክተሩ በስራ ሰአት ያለማስታወቂያ ገብቶ እንዲያይ ናሙናም እንዲወስድ ስልጣን ሰጥቶታል። የጎደለው ሰውና መለኪያ ነው፣ አየሩን የሚለካ መሳሪያ ሳይኖር በአይን አይቶ ጓንት ቆጥሮ መሄድ ቁጥጥር አይባልም። ግን ህግ አይሰራም አልልም። ድሮ ክብሪት ነጭ ፎስፈረስ ከሚባል ነገር ነበር የሚሰራው፣ የፋብሪካ ሴቶች መንጋጋ ይበሰብስ ነበር። ጓንትና ማስክ አልነበረም ያዳናቸው፣ በ1906 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ አገሮች ተስማምተው ነገርየውን ራሱን ከለከሉት፣ ሌላ ፎስፈረስ ነበር በሱ ተተካ። እኛም አገር ቀለም ውስጥ ያለ ሊድ ከ90 ፒፒኤም፣ ከሚሊዮን 90 እጅ ማለት ነው፣ እንዳይበልጥ ደንብ ወጥቷል። በርሜሉ ውስጥ ያለውን ነገር የሚነካ ህግ ነው ሰው የሚያድነው።

ላሜራ_ቤት

ይሄ ነው እኔም ልል የፈለግኩት። እኔ ቲነሩን ስገዛ ሻጩ ምን እንዳለበት አያውቅም፣ ለሻጩ ያመጣለትም አያውቅም። እቃው ግን ከጅቡቲ በኛው ደጃፍ ነው የሚገባው። እዛ ላይ ሲገባ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማሊኛ ምን እንደሆነ ሳይጻፍበት አይለፍ ቢባል እኔም አውቃለሁ ልጆቹም ያውቃሉ። አሁን ያለው ሸክም ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለነው ላይ ነው የወደቀው። ኢንስፔክተር ይምጣብኝ እኔ አልፈራም፣ ግን ይሄን እንዲህ አድርግ ብሎ የሚያሳየኝ ይሁን ወላሂ። ብየዳውን ከቀለሙ ነገ እለያለሁ፣ ቦታ አለኝ ከጀርባ።

ላብራቶሪ_ሰው

ሻጩን ኤምኤስዲኤስ አምጣ በለው። የኬሚካሉን አደጋና ጥንቃቄ የሚናገር 16 ክፍል ያለው ወረቀት ነው ከኬሚካሉ ጋር አብሮ መምጣት ያለበት። ክፍል 4 የመጀመሪያ እርዳታ፣ ክፍል 8 ምን አይነት ጓንትና ማስክ እንደሚያስፈልግ ይነግርሃል። የለኝም ካለ ከሌላ ግዛ፣ ገዢ ሲጠይቅ ነው ሻጭ የሚያመጣው።

የሳቢያን_ልጅ፣ ከ9 ቀን በኋላ

ሰላም፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ወንድሜ ጤና ጣቢያ ተመልሶ ስራውን ተናገረ፣ ካርዱ ላይ ተጻፈለት፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተደርጎ የደምና የነርቭ ምርመራ ተጀመረ። አሰሪውን ከሶስት ልጆች ጋር ሆነው አነጋገሩት፣ ይሄንን ውይይት ቁጭ ብሎ አነበበ፣ የአባባን ጽሁፍ ሲያነብ ዝም አለ። መርጨቱን ወደ ውጪ ጥላ ስር አወጡት፣ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰአት ብቻ ነው። ሁለት የከሰል ማስክ ታዟል። የምርመራውን ወጪ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምችለው ብሏል እሱ ላይ ገና አልተስማማንም። እጁን በዘይትና ሳሙና እየታጠበ ነው። ራስ ምታቱ ቀንሷል ጣቶቹ ግን እንደነበሩ ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ባዶዎቹን የላስቲክ በርሜሎች አሰሪው ለሰፈር ሰው ይሸጣቸዋል፣ ውሃ ሲጠፋ ለማጠራቀሚያ ስለሚፈለጉ በጣም ይሸጣሉ። እኛም ቤት አንድ አለ፣ ታጥቦ ነው የመጣው አይሸትም።

ላብራቶሪ_ሰው

እሱን ዛሬ ባዶ አድርጉት። ባይሸትም። ላስቲኩ የጠጣውን ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይመልሳል፣ ፀሀይ ላይ ከሆነ ይብሳል፣ ማጠብ አያወጣውም።

የስራ_ጉዳይ

ስለ አደገኛ ቆሻሻ አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፣ እንደዚህ አይነቱን በርሜል ዝም ብሎ መሸጥ አይቻልም። ለአካባቢ ጥበቃ ማመልከት ይቻላል፣ መጀመሪያ ግን አሰሪውን ንገሩት፣ የሚሰማ ሰው ይመስላል። ለማን ለማን እንደሸጠ ያስታውሳል?

የሳቢያን_ልጅ

ገንደ ቆሬ ብቻ ሰባት ቤት ያውቃል ወንድሜ። ነገ ከእሱ ጋር እየዞርን እንነግራቸዋለን።